የኋላው ወንበር ስንት ሰው ይይዛል?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ኮሮላ የኋላ ወንበር ነው። «ይህ ደግሞ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔና ባለቤቴ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ በሆነው የትዳር ዘመናችን በብዙ ነገር ተከራክረናል፤ በገንዘብ፣ በዘመድ፣ በእንግዳ ብዛት። እንደዚያ ወንበር ያከራከረን ነገር ግን የለም። ስለዚህ ልጅም መኪናም ያላችሁ፣ ወይም ጌታ ቢፈቅድ ይኖረናል ብላችሁ የምትጸልዩ፣ ጥቂት ታገሡኝ።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ፣ አንዲት አነስተኛ አጥቢያ በመጋቢነት ያገለግል ነበር። ሦስት ልጆች አሉን። ያኔ ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ መካከለኛው አራት፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ገና ዘጠኝ ወሯ። መኪናዋን ምእመናንና ወዳጆች አዋጥተው ለአገልግሎት የገዙልን ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አያንስም ነበር። (ባለቤቴ ይህን ሲያነብ መኪናዋን ሰደብሻት ማለቱ አይቀርም።)

በነሐሴ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለጉባኤ ወደ ደብረ ብርሃን ልንወርድ ተነሣን። ከመሐል ሜዳ በመዘዞ አድርጎ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ጋር እስኪገናኝ ድረስ ያለው መንገድ በክረምት ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። አገሩ ከባሕር ወለል ሦስት ሺህ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ ጉሙ መሬት ላይ ይተኛል፤ ከፊት ያለው ሰው ይሁን ድንጋይ አይለይም። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ትንሿን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌያታለሁ። ከኋላ ሁለቱ ልጆች፣ ከአጥቢያችን አንዲት አረጋዊት እናት፣ ከመዘምራን አንድ ወጣት ተቀምጠዋል፤ ከእግራቸው ሥር ግማሽ ኩንታል ገብስ አለ። የደህንነት ቀበቶ ያሰረው ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እሱም ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ትራፊክ እንዳይዘው ብሎ ነው።

መዘዞ ሳንደርስ አንድ ቁልቁለት ላይ በጎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ፍጥነታችን በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። መኪናዋ በጭቃው ላይ ተንሸራታ መንገድ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ጋር ተጋጭታ ቆመች። አንድም በግ አልተነካም። እረኛው ልጅ ጅራፉን ይዞ አፉን ከፍቶ ሲያየን አስታውሳለሁ።

ልጄ ግን እጄ ላይ አልነበረችም።

ይህን ስጽፍ ዛሬም እጄ ይቀዘቅዛል። አጥብቄ ይዣት ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ከሰው ጋር ጨዋታም አልያዝሁም። ጋቢው እንደ ተጠቀለለ እጄ ላይ ቀርቷል፤ ልጅቷ ከጋቢው ውስጥ ሾልካ ወጥታ፣ ክሩስኮቱን በግንባሯ መትታ፣ እግሬ ሥር ወድቃለች። መካከለኛው ልጃችን ከኋላ ተወርውሮ የፊቱን ወንበር በአፉ መትቶ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ትንሿ ግንባሯ አበጠ፤ አንድ ጊዜም አስመለሳት። ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ በክትትል አንድ ሌሊት አድራ «ደህና ናት» ተባልን። ጌታ ይመስገን።

በሚቀጥለው እሑድ በአጥቢያችን ምስክርነት ሰጠሁ። ጌታ እንዴት እንደ ጠበቀን፣ እጁ እንዴት እንደ ያዘችን ተናገርሁ፤ ምእመናን እልል አሉ። ከአምልኮው በኋላ አንዲት እናት መጥተው ሁለት እጆቼን ይዘው «እናት እኮ ልጇን አትለቅም፤ አንቺም አለቀቅሻትም» አሉኝ። እኔም ራሴን ነቅንቄ «አዎ» አልሁ።

እነሆ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተቀምጬ ስለ እውነተኛ ምስክርነት የተማርሁ ሴት፣ የምስክርነቴን ግማሽ በጉባኤ ፊት ሸሸግሁ። ጌታ እንደ ጠበቀን የተናገርሁት እውነት ነው፤ ዛሬም አልክደውም። የእኔ እጅ መልቀቁን ግን አልተናገርሁም።

ያን ሌሊት ለባለቤቴ ነገርሁት። መጀመሪያ «ራስሽን አትውቀሺ፤ ጠላት ነው የሚከስሽ» አለኝ። እኔም «ክስ አይደለም፤ የሆነውን ነው የምነግርህ። ይዣት ነበር፤ አልቻልሁም» አልሁት። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «መሪውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ» አለ። ሁለታችንም በየፊናችን አንድ ሳምንት ሙሉ ያንኑ ሸክም ተሸክመን አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ኖሯል። ባለ ትዳሮች ሆይ፣ ይህ ለእናንተም እንግዳ ነገር አይመስለኝም።

የባለቤቴ ታላቅ እኅት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ትኖራለች። ስልክ ደውላ ነገሩን ስትሰማ አለቀሰችና ወዲያው ተቆጣችን። «ልጅን በእጅ ታቅፎ መኪና መሄድ እኮ እዚህ በሕግ ያስቀጣል!» አለችን። እሷ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ከሐኪም ቤት ልትወጣ ስትል ነርሷ «የመኪና ወንበሩ የት አለ?» ብላ ጠይቃታለች። «ልጄን መያዝ የማልችል መስዬ የታየኋት መስሎኝ ተቀይሜ ነበር» አለችን። በኋላ እንዳነበብሁት በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ሕግ በመጀመሪያ ያወጣችው ቴኔሲ የምትባለው ግዛት ናት፤ ሕጉም በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እስከ 1985 ድረስ ሁሉም ግዛቶች ተከትለዋታል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የነገሩ አመጣጥ ነው። በርቲል አልድማን የሚባሉ ስዊድናዊ የሕክምና ሰው የአሜሪካ የጠፈር ተጓዦች የሚቀመጡበትን አኳኋን አይተው ነበር። ጠፈርተኞቹ ያን ከባድ ግፊት የሚቀበሉት በጀርባቸው ነው፤ ኃይሉ በመላ ጀርባቸው ላይ ይከፋፈላል። ሰውየው «ሕፃንስ?» ብለው አሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1964ም ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዞረ የልጅ ወንበር ሠርተው በቮልቮ መኪና ላይ ሞከሩት። የሕፃን ጭንቅላት ከቁመቱ ሩብ ያህል ነው፤ አንገቱ ግን ገና ለስላሳ ነው። መኪና ከፊት ሲጋጭ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የተቀመጠ ሕፃን ጭንቅላቱ በዚያች አንገት ላይ ይወረወራል። ወደ ኋላ ሲዞር ግን ወንበሩ ጀርባውንም ጭንቅላቱንም አንድ ላይ ይቀበለዋል።

እጄ ለምን እንደ ለቀቀም ገባኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሲጋጭ በውስጡ ያለ ነገር ከክብደቱ ሃያም ሠላሳም እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይሄዳል። ልጄ ስምንት ኪሎ ነበረች። ስምንትን በሃያ ብታባዙት 160 ኪሎ ነው። እኔ ግማሽ ኩንታል ገብስ ከመሬት ለማንሣት ጎረቤት የምጠራ ሴት ነኝ። የእኛ ግጭት ከዚያ ቀለል ያለ ነበር፤ እሱንም አልቻልሁትም።

ጎረቤታችን እትዬ «አንቀልባው ምን ሆነና! በአንቀልባ አዝለሻት ቢሆን መች ትወድቅ ነበር?» አሉኝ። እኔም ሦስቱንም ልጆቼን በአንቀልባ አሳድጌአለሁ፤ ለእግር መንገድ ምን ይወጣለታል። መኪና ውስጥ ግን በጀርባ ያዘልነው ልጅ በእኛና በወንበሩ መካከል ይጨፈለቃል፤ ከፊት ያዘልነውም እንዲሁ። ልጅን አቅፎ አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰርም ያው ነው፤ የእናት ክብደት ልጁ ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ሁለት ወንበሮች ከሜሪላንድ በተጓዥ ተላኩልን፤ አንዱ ለትንሿ፣ አንዱ ለመካከለኛው። ሦስተኛውን፣ ለትልቋ ከፍ ማድረጊያ የሚሆነውን፣ አዲስ አበባ ገዛን። ትልቋ «እኔ ሕፃን አይደለሁም» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈች። ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልደረሰ ልጅ የአዋቂ ቀበቶ በትክክል አይይዘውም፤ የላይኛው አንገቱን ያንቀዋል፤ የታችኛው ከዳሌው አጥንት ላይ ወጥቶ ሆዱ ላይ ያርፋል፣ በግጭት ጊዜም አንጀቱን ይጎዳዋል። ከፍ ማድረጊያው ልጁን አንሥቶ ቀበቶውን በቦታው ያስይዝለታል። ይህን በግድግዳው ላይ ቁመቷን ለክቼ ሳሳያት ጥቂት ተመለሰች።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልምጣ። ወንበሮቹ ሦስት ናቸው፤ የኮሮላዋ ጀርባ ግን አንድ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ከበር እስከ በር ለካሁ፤ 128 ሴንቲ ሜትር። የትንሿ ወንበር ጎኑ 44፣ የመካከለኛው 46፣ የትልቋ ባለ መደገፊያው 43። ደምሩት፤ 133 ይሆናል። በአምስት ሴንቲ ሜትር ምክንያት በር አይዘጋም! ባለቤቴ በግራ በኩል እየገፋ እኔ በቀኝ በኩል በሩን በዳሌዬ ስመታ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን። «መጋቢና ባለቤቱ መኪናዋን ሊሰብሯት ነው» የተባለው እስከ ገበያ ደርሷል።

ከወንበሮቹ ጋር የመጣው መመሪያ ከዕብራይስጥ ሰዋስው ይብሳል። ቢሆንም ኮሌጅ የተማርሁት አንድ ነገር ጠቀመኝ፤ ይኸውም ጥቅሱን በዐውዱ ማንበብ ነው። የወንበሩን መመሪያ ብቻ ሳይሆን የመኪናዋንም ቀበቶ ማንበብ ነበረብኝ። የኮሮላችን የኋላ ወንበር በሁለቱ ዳር ባለ ትከሻ ቀበቶ አለው፤ መካከሉ ግን በወገብ ብቻ የሚታሰር ነው። ከፍ ማድረጊያ ላይ የሚቀመጥ ልጅ የትከሻ ቀበቶ የግድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ትልቋ መካከል ልትቀመጥ አትችልም። የመካከለኛው ልጅ ወንበር ግን የራሱ የደረትና የትከሻ ማሰሪያ ስላለው በወገብ ቀበቶ ከመኪናው ጋር ሊታሰር ይችላል፤ መመሪያውም ይፈቅዳል። እንግዲህ ስሙም መካከለኛ፣ ቦታውም መካከል ሆነ። ትንሿ ከእኔ ጀርባ፣ ፊቷ ወደ ኋላ፤ ትልቋ ከአባቷ ጀርባ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወንበር፣ የአየር ከረጢት ያለው የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ሕፃኑን ይገድለዋልና። የእኛ ኮሮላ የአየር ከረጢት አልነበራትም፤ የዛሬዎቹ መኪኖች ግን አላቸው።

ወርዱ ግን አሁንም አልበቃም። ሦስት ቀን ስንታገል ከቆየን በኋላ ትልቋ ራሷ «መደገፊያውን ለምን አትነቅሉትም? እኔ በመኪናው ወንበር እደገፋለሁ» አለች። እውነትም ተነቃይ ኖሯል! መደገፊያው ሲወጣ ጎኑ ከ43 ወደ 38 ወረደ። 44፣ 46፣ 38፤ ድምሩ ልክ 128። ባለቤቴ «ሃሌ ሉያ» ብሎ በሩን ዘጋ፤ በሩም ተዘጋ።

ደስታችን ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። ትልቋ ገብታ ስትቀመጥ የቀበቶዋ መቆለፊያ ከመካከለኛው ወንበር ጎን ሥር ተቀብሯል፤ እጇ አይገባም። ሦስት ወንበር ባንድ ረድፍ ለሚደረድር ሁሉ ትልቁ ችግር ይኸው ነው፤ ልጆቹ ተቀምጠው ማሰር አይቻልም። መፍትሔውን ያገኘሁት በጉልበቴ ተንበርክኬ ከታች ሳይ ነው። የትንሿ ወንበር ሰፊው ከላይ ነው እንጂ ከሥሩ ጠባብ ነው። ስለዚህ የመካከለኛውን ወንበር ፈትተን ሦስት ጣት ያህል ወደ ትንሿ አስጠጋንና እንደገና አሰርነው፤ የትልቋም መቆለፊያ ወጣ። ሲታሰር ባለቤቴ ጉልበቱን ወንበሩ ላይ ተክሎ በክብደቱ ሲጫን እኔ ቀበቶውን ስቤ አጠበቅሁ። ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከሁለት ጣት ያህል በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልታሰረም ማለት ነው። ከተጋጨ በኋላ የተሸጠ ወንበር፣ ወይም የኋላ ታሪኩን የማታውቁትንም አትግዙ።

ስለ ጋቢው ልንገራችሁ፤ የደጋ ሰው ከሆናችሁ ይህን አትለፉት። በመንዝ ብርድ ልጅ ሳይጠቀለል ከቤት አይወጣም። መጀመሪያ ቀን ትንሿን በጋቢዋ እንደ ተጠቀለለች ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማሰሪያውን ከላይ ሳብሁ፤ ጥብቅ መሰለኝ። ከዚያ ነገሩ ከነከነኝና ማሰሪያውን ሳላላላ ጋቢውን ከሥሩ ጎትቼ አወጣሁት። በማሰሪያውና በደረቷ መካከል ጡጫዬ ያልፋል! ግጭት ቢመጣ ጋቢው ይጨማደዳል፣ ልጅቷም እንደዚያን ቀን ሾልካ ትወጣለች። ካፖርትና ወፍራም ጃኬትም ያው ናቸው። አሁን ልጁ በስስ ልብስ ይታሰራል፤ ማሰሪያው ትከሻው ላይ በጣት ቆንጥጣችሁ የማትይዙት እስኪሆን ይጠብቃል፤ ከዚያ ጋቢውም ብርድ ልብሱም ከማሰሪያው በላይ ይለብሳል።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ወንበሮቹን አይተው «መጋቢ፣ እምነታችን ወዴት ሄደ? የሚጠብቅ ጌታ እያለ ልጅ እንደ ጥጃ ይታሰራል?» አሉ። በቅንነት ነው የተናገሩት፤ እኔም አክብሬ ሰማኋቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ግን በሴቶች ኅብረት የማስተምረውን ቀይሬ ዘዳግም ምዕራፍ 22ን ከፈትሁ። እዚያ እግዚአብሔር፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ያ ሕግ የተሰጠው ለማያምን ሕዝብ አልነበረም። ሰይጣንም ጌታችንን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ ያቆመው ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ብሎ ነው፤ ጌታ ግን አልወረወረም። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የታሰረ የልጅ ወንበር የሕፃናትን ሞት ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ይናገራል። እኚያ ሽማግሌ በኋላ ለልጅ ልጃቸው ጠየቁን፤ እስካሁን ስንገናኝ እንሣሣቃለን።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው።

የአገልጋይ መኪና የአገልጋዩ ብቻ እንዳልሆነች ታውቃላችሁ። በእኛ አገር ባዶ ቦታ ይዞ የቆመ ሰውን አልፎ መሄድ ነውር ነው፤ ለአማኝ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። ያቺ ኮሮላ ምጥ የያዛትን ወስዳለች፤ አስከሬን አድርሳለች፤ ለገበያ የሚሄደውን፣ የአጥቢያችን ይሁን አይሁን ሳትጠይቅ፣ ጭናለች። በዚያም ምክንያት ብዙ በር ተከፍቶልናል። ሦስቱ ወንበሮች ከገቡ ወዲህ ግን መኪናዋ በአምስት ሰው ትሞላለች።

በኅዳር ወር አንድ ማለዳ ከልጆቹ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ስንወርድ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጥቅል ነገር ከጎናቸው አስቀምጠው፣ መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነበር። ባለቤቴ አቆመ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦታ የለንም» አላቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ አዩ፤ በየወንበራቸው የታሰሩትን ሦስት ልጆች አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ሦስት ሕፃን ብቻ ይዞ ሞላ?» አሉ። ባለቤቴ መልስ አልነበረውም። «ይሁን እንግዲህ፣ እግዜር በሰላም ያግባችሁ» ብለው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። በስፖኪዮው ውስጥ እያነሱ እያነሱ ሄዱ።

ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ባለቤቴ ጣርማ በር እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ «በጉን የሚፈልግ እረኛ ነኝ እላለሁ፤ ዛሬ አንዲት አሮጊት ብርድ ላይ ጥዬ መጣሁ» አለ። እኔ ደግሞ «ማንን አውርደን እንጫናቸው? ከሦስቱ የትኛውን?» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ልጆቹ ሰሙ። እሱም «ልጆቹ ይታቀፉ ይሆን ነበር፣ አንድ ቀን ብቻ» አለ። «አንድ ቀን ብቻ ነበር ያኔም» አልሁት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አልተናገርንም። ሁለታችንም እውነት ነበረን፤ ለዚህ ነው ያከረረን።

ውሎ አድሮ የተስማማነው እንዲህ ነው። ልጆች ካሉ ሦስቱም ወንበሮች ይታሰራሉ፤ ማንም ቢቆም፣ ማንም ቢለምን። ለአገልግሎትና ለሰው ሥራ ሲሆን ግን ባለቤቴ ብቻውን ይሄዳል፤ ሦስቱም ወንበሮች ይወጣሉ፣ መኪናዋ አራት ሰው ትጭናለች፣ የተሳፈረውም ሁሉ ቀበቶ ያስራል። መፍታቱ ቀላል ነው፤ መልሶ በትክክል ማሰሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅብን ነበር። ያንን ሥራ ባለቤቴ በራሱ ላይ ወሰደ። ዓርብ ማታ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ በጉልበቱ ወንበር ተጭኖ ቀበቶ ሲጎትት አየው ነበር። ጎረቤቶቻችን የመኪና በሽታ ያዘው ይሉ ነበር።

ዋጋውን ግን ከሁሉ በላይ የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ይህንም ሳልናገር ባልፍ ሁለተኛ ግማሽ ምስክርነት ይሆንብኛል። ባለቤቴ ብቻውን ይሄዳል ማለት እኔ ከልጆች ጋር እቀራለሁ ማለት ነው። በየወሩ ደብረ ብርሃን ለሴቶች አስተምረው የነበረውን ትምህርት ለሌላ እኅት ለቀቅሁ። ሁለት ዓመት ያህል ከመሐል ሜዳ እምብዛም አልወጣሁም። ኮሌጅ አብረውኝ የተማሩት በየጉባኤው ሲያስተምሩ ስሰማ ያልከፋኝ መስሎ መታየት አልፈልግም። ከፍቶኛል። አንዳንድ ቀን ወንበሮቹን ሳይ የተቆለፍሁት እኔ መስሎ ይሰማኝ ነበር። ባለቤቴ ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ ካወቀ በኋላ ግን በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ልጆቹን ይዞ እሱ ቤት ቀረ፤ እኔ ከጎረቤት ጋር በአውቶቡስ ወረድሁ። ገንፎ ሲያቃጥልም ተምሯል።

ከዚያ ወዲህ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውረናል፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም በዚያ መንገድ ከልጆቹ ጋር አልሄድንም። ትልቋ ቁመቷ እኔን አልፏል። ትንሿም የያኔዋ ትልቅ እኅቷ የደረሰችበት ዕድሜ ላይ ደርሳ በዚያው ከፍ ማድረጊያ ላይ ተቀምጣለች። ግንባሯ ላይ ምንም ምልክት የለም፤ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ባለፈው ወር በአጥቢያችን በቅርቡ የወለዱ አንድ ወጣት ባልና ሚስት የትንሿን ወንበር ጠየቁን። ደስ ብሎኝ ከመጋዘን አወጣሁት፤ አጠብሁት፤ ጨርቁን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ከዚያ ገልብጬ ከሥሩ ያለውን የተሠራበትን ቀን አነበብሁ። ፕላስቲኩም ዕድሜ አለው፤ የአገልግሎት ዘመኑ አብሮ ተጽፎ ነበር፤ አልፏል። ልጅቷ በር ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ትጠብቃለች። ይሉኝታ ያዘኝ። «ምንም ከሌለው ይሻላል» ብዬ ልሰጣት ነበር። ያን ቀን በአንድ ወቅት እጅ ይበቃል ብዬ እንደ ነበር ትዝ አለኝ።

ገብቼ መቀስ አመጣሁ፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ማሰሪያዎቹን እዚያው ፊቷ ቆረጥኋቸው። ደነገጠች። ከዚያ አስቀምጬ ቡና እያፈላሁ ሁሉንም ነገርኋት፤ ጋቢው እጄ ላይ እንደ ቀረ ጭምር። ሕፃኑ ስድስት ሳምንቱ ነው። ማታ ባለቤቴ ለእኅቱ ደወለ፤ በመጪው ወር የሚመጣ ተጓዥ አለ ብላናለች። ጎኑ ከ44 እንዳይበልጥ ነግረናታል፤ የእነሱ መኪና ቪትዝ ናት።